የናይሮቢ አጣሪ ሠራተኞች ትግልና የእኛ ድርሻ

በውጭ አገር የምንኖር ተማሪዎች የአገራችንን ወሬ የምንሰማው በአብዛኛው በእጃችን ከያዝነው ስልክ ነው። ከእኛ በፊት የተሰደዱት ወንድሞችና እኅቶች ከቤተሰብ ደብዳቤ ለማግኘት ሳምንታት ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ጎጃም ወይም ወለጋ ውስጥ የሆነ ነገር በዚያው ዕለት ስቶክሆልም፣ ዋሽንግተንና ሪያድ ይሰማል። ይህን ለውጥ የሚጠላ የለም። ነገር ግን ወሬው የሚሄድበት መንገድ የማን ንብረት እንደሆነ፣ በመንገዱ ላይ ቆሞ መርዙን ከማሩ የሚለየው ሠራተኛ ማን እንደሆነና ስንት እንደሚከፈለው ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። (ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንግለጽ። ባለፉት የእልቂት ዓመታት በአገራችን የጥላቻ ቃል ያለ ከልካይ ከተሰራጨባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የመገናኛው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ቋንቋዎቻችንን ገንዘብ የማይወጣባቸው አድርጎ መቁጠሩ ነው። መንግሥት በበኩሉ ያቀረበው መድኃኒት፣ ማለትም መስመሩን ጨርሶ መቁረጥ፣ በሽታውን ትቶ በሽተኛውን የሚያንቅ ነው። ከሁለቱም የተለየ መንገድ የከፈቱት በናይሮቢ ከተማ ይህን ቆሻሻ ሥራ ሲሠሩ የኖሩት ሠራተኞች ናቸው። ትግላቸው የእኛም ትግል ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ትርፉ ከየት ይመጣል?

ፌስቡክ በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ይመስላል። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ሜታ በሚል ስም የሚጠራው ባለቤቱ ግን በዚያው በ2021 117.9 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ሰብስቦ 39.4 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። በ2024 ገቢው 164.5 ቢሊዮን፣ ትርፉም 62.4 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ይህ ገንዘብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ማስታወቂያው የሚሸጠው ሰው ዓይኑን ከገጹ ላይ ሳያነሣ ሲቆይ ስለሆነ፣ ኩባንያው ለገበያ የሚያቀርበው ሸቀጥ የእኛው ጊዜና የእኛው ትኩረት ነው ማለት ነው።

ሰውን ከገጹ ላይ ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ ቁጣ ነው። በ2021 ከኩባንያው የወጡ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ አንባቢ በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚያኖረው የቁጣ ምልክት ከተራው የ«ወድጄዋለሁ» ምልክት አምስት እጥፍ ይመዘን ነበር። የትኛው ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታይ የሚለውን የሚወስነው አልጎሪዝም የተባለው የስሌት ቀመርም ይህን ሚዛን ይከተል ነበር። ኩባንያው ሚዛኑን በኋላ እየቀነሰ በ2020 ወደ ዜሮ አውርዶታል። እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ያስቆጣ ጽሑፍ በእጥፍ እየተመነዘረ ሲሰራጭ ኖሯል።

ቀመሩ ጥላቻን ፈጠረ አንልም። ጥላቻው የራሱ ታሪክና የራሱ ፖለቲከኞች አሉት፤ ለእሱ ኃላፊዎቹ እኛው ነን። ቀመሩ ያደረገው፣ በአንድ ጠላ ቤት ተነግሮ ይቀር የነበረውን ክፉ ቃል አንሥቶ በአንድ ሌሊት ብዙ ሺህ ሰው ፊት ማቅረብ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገራችን ሰው፤ ዛሬ ከአፋፉም አሻግሮ የሚወስደው ሞተር ተገኝቶለታል።

ታዲያ ሞተሩን የሠራ ኩባንያ ፍሬኑን ለማን ሠራ? የቀድሞ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በኦክቶበር 5 ቀን 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ በሰጡት ምስክርነት፣ ሐሰተኛ ወሬን ለመከላከል ከሚወጣው ገንዘብ 87 ከመቶው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንደሚውል፣ ከተጠቃሚው ሕዝብ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው 9 ከመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ ገልጸዋል። በዚሁ ምስክርነት አደጋ የወደቀባቸው አገሮች ብለው ምያንማርንና ኢትዮጵያን በስም ጠርተዋል። በ2020 ኩባንያው በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጻፍን የጥላቻ ንግግር ለይቶ የሚያወጣ አውቶማቲክ መሣሪያ እንዳልነበረውም የወጡት ሰነዶች አሳይተዋል።

መሣሪያው ቢኖርስ ይበቃ ነበር ወይ? ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በአማርኛ ማን፣ ማንን፣ መቼ የሚለው ሁሉ በአንድ ግሥ ውስጥ ይገባል። «አንለቃቸውም» የሚለው አንድ ቃል የእናት ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ የመግደል ጥሪም ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነንና ስድቡን በቅኔ፣ ዛቻውን በተረት እንጠቀልለዋለን። በኦሮምኛም ሆነ በትግርኛ የተሸፈነ ንግግር ሞልቷል። ይህን የሚፈታው ቋንቋውን እያወራ ያደገ፣ የሰፈሩን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ወደ ሠራተኛው ይመጣል።

በባሕር ዳር የሆነው

በኦክቶበር 2021፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩትን የመዓረግ አማረን ስም፣ ፎቶግራፍና የሥራ ቦታ የያዙ ጽሑፎች በፌስቡክ ወጡ። ፕሮፌሰሩ የትግራይ ተወላጅ ነበሩ፤ የተለጠፈባቸውም ክስ ሐሰት ነበር ይላል በኋላ የቀረበው የፍርድ ቤት አቤቱታ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው በተደጋጋሚ አመለከተ። በኖቬምበር 3 ቀን 2021 ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ ስለጣሰ ይነሣል የሚል መልስ ከኩባንያው የመጣው ከቀብር በኋላ፣ በኖቬምበር 11 ነበር። ሌላው ጽሑፍ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2022 መጀመሪያ ላይም እዚያው እንደነበር በአቤቱታው ተመልክቷል።

አንባቢ ይህን ከሌላ ነገር ጋር ያስተያይ። ፕሮፌሰሩ በተገደሉበት ሳምንት ሜታ የኢትዮጵያን ጠቅላይ ሚኒስትር አንድ ጽሑፍ አመፅን ያነሣሣል በማለት ከገጻቸው ላይ አንሥቷል፤ ይህንንም ለማድረግ ቀናት ብቻ ነበር የፈጀበት። እንግዲህ ኩባንያው ሲፈልግ አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ እጁም የአገር መሪን ገጽ ሳይቀር ይደርሳል። ያልደረሰው የአንድ መምህር ልጅ አቤቱታ ዘንድ ነው።

በዲሴምበር 2022 ልጃቸውን ጨምሮ ከሳሾች በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረቱ። ክሱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚያጣሩት በናይሮቢ ያሉ 25 ሰዎች ብቻ ነበሩ ይላል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው፣ ያውም ጦርነት ላይ ለነበረ አገር ማለት ነው። ጠያቂዎቹ የቀመሩ አሠራር እንዲለወጥ፣ ቋንቋዎቹን የሚያውቁ ሠራተኞች እንዲበዙና 200 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ የሚሆን የጉዳተኞች ካሣ ፈንድ እንዲቋቋም ነው የጠየቁት። ኩባንያው በበኩሉ የጥላቻ ንግግር በደንቡ የተከለከለ መሆኑንና ለዚህም ብዙ ገንዘብ እንደሚያወጣ ገልጾ፣ የኬንያ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ የዳኝነት ሥልጣን የለውም ሲል ተከራከረ። በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ፣ ክሱ ይሰማል ብሎ ወሰነ። ይህ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ቢሆንም በካሊፎርኒያ ያለ ሀብታም ኩባንያ በአፍሪካ ምድር ላደረሰው ጉዳት በአፍሪካ ዳኛ ፊት ይቁም መባሉ ቀላል ነገር አይደለም።

የአጣሪዎቹ ሕይወት

እነዚያ አጣሪዎች እነማን ናቸው? ሜታ ራሱ አልቀጠራቸውም። ከ2019 ጀምሮ ሥራውን ለሳማ ሰጠው። ሳማ ዋና ቢሮው ካሊፎርኒያ የሆነ፣ ድሃን በሥራ ከድህነት አወጣለሁ እያለ ራሱን የሚያስተዋውቅ ንዑስ ተቋራጭ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች በቋንቋቸው የተመለመሉ ወጣቶች ናይሮቢ ገቡ። ሥራቸው ሲበራይ የዋለ በሬ አይቶት የማያውቀው ዓይነት ድካም ነው፦ አንገት ሲቆረጥ፣ ሴት ስትደፈር፣ ሕፃን ሲሰቃይ የሚያሳይ ምስል ከጧት እስከ ማታ እያዩ በሰከንዶች ውስጥ ይቆይ ወይም ይነሣ ብሎ መወሰን። በፌብሩዋሪ 2022 ታይም መጽሔት እንዳጋለጠው፣ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዳንዶቹ እጃቸው ላይ የሚደርሰው በሰዓት 1.50 ዶላር ያህል ነበር።

ለኢትዮጵያውያኑ ደግሞ ልዩ መከራ አለበት። የሩቅ አገር ሬሳ አይደለም የሚያዩት። የሚያጣሩት የገዛ ቀያቸውን ጦርነት ነው፤ ከምስሉ ውስጥ የሚያውቁት ሰው እንዳይወጣ እየፈሩ። ከእነሱ መካከል አንድ የታጠቀ ቡድን ምስሎቻችንን ብታነሡ እናገኛችኋለን ብሎ እንደዛተባቸው፣ ለአሠሪያቸው ቢያመለክቱም መጀመሪያ እንዳልታመኑ ለፍርድ ቤት በሰጡት ቃል የገለጹ አሉ።

ብዝበዛው እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ከዚሁ ከሳማ የወጣ ሌላ ምሳሌ አለ። ቻትጂፒቲ የተባለውን ሰው ሠራሽ አስተዋይ የሠራው ኦፕን ኤ.አይ. መሣሪያው ከጸያፍና ከአሰቃቂ ንግግር እንዲጠበቅ ጽሑፎችን የሚለዩ ሠራተኞች በሳማ በኩል አሠርቶ ነበር። በጃንዋሪ 2023 ታይም ይፋ እንዳደረገው፣ ኦፕን ኤ.አይ. ለሳማ በሰዓት 12.50 ዶላር ሲከፍል ሠራተኛው የሚያገኘው ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ነበር። የተሻለው ተከፋይ እንኳ ለላቡ ከተከፈለው ገንዘብ ስድስተኛውን አያገኝም። ዓለም «በራሱ ያስባል» እያለ የሚያደንቀው መሣሪያ ከጀርባው የናይሮቢ ወጣቶች ዓይንና እንቅልፍ አለበት።

ሠራተኞቹ ግን ዝም አላሉም። በ2019 ዳንኤል ሞታውንግ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ባልደረቦቹን አሰባስቦ የተሻለ ደመወዝና የሕክምና ድጋፍ ለመጠየቅ ሲያደራጅ ከሥራ ተባረረ። በሜይ 2022 ሜታንና ሳማን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። በጃንዋሪ 2023 ሳማ የማጣራት ሥራውን አቆማለሁ ብሎ 260 ያህል ሠራተኞች እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ ሥራው ማጆሬል ለተባለ የሉክሰምበርግ ተቋራጭ ተላለፈ። በማርች የተሰናበቱት ሠራተኞች ማባረሩ ሕገ ወጥ ነው፣ አዲሱም ተቋራጭ የቀድሞ ሠራተኞችን አልቀጥርም ብሏል በማለት ከሰሱ፤ ከሳሾቹ ከ180 በላይ ሆኑ። በሜይ 1 ቀን 2023፣ በዓለም ሠራተኞች ቀን፣ ለፌስቡክ፣ ለቲክቶክና ለቻትጂፒቲ በተቋራጭ በኩል የሠሩ ከ150 በላይ ሰዎች ናይሮቢ ተሰብስበው የአፍሪካ አጣሪ ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ የተጀመረው የሽምግልና ንግግር በኦክቶበር 2023 ያለ ውጤት ተበተነ። በሴፕቴምበር 2024 የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሜታ በኬንያ ሊከሰስ ይችላል አለ። በዲሴምበር 2024 ከክሱ ጋር የቀረበ የሐኪም ማስረጃ ከ140 በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ነገር በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት መታመማቸውን አረጋገጠ። በ2025 ደግሞ የማጣራቱ ሥራ በከፊል ወደ አክራ፣ ጋና መዛወሩና እዚያም ተመሳሳይ ቅሬታ መነሣቱ ተሰማ። ሠራተኛው ሲደራጅ ካፒታል ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ይህ አዲስ ስልት አይደለም።

መስመር መቁረጥ መድኃኒት ነው ወይ?

አንዳንድ ወገን እንዲህ ያለውን መከራ ሲሰማ «እንግዲያው መንግሥት መዝጋቱ ትክክል ነው» ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ኩባንያውን መጠየቅ ያቃተው መንግሥት ሕዝቡን ይቀጣል።

ታሪኩን እንመልከት። በጁን 2020 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በኖቬምበር 2020 ጦርነት ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ አብዛኛው ሕዝብ ሁለት ዓመት ያህል በዚያው ኖረ። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቆየ።

መቆረጡ ግድያን አስቀረ ወይ? አክሱም መልሱን ትስጥ። በኖቬምበር 28 እና 29 ቀን 2020 የኤርትራ ወታደሮች በከተማይቱ ብዙ መቶ ሲቪሎችን ገደሉ፤ የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ዝርዝር ዘገባ ለዓለም የደረሰው ግን በፌብሩዋሪ 2021 መጨረሻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሬሳው ተቀብሮ ወሬውም አብሮ ተቀበረ። ከእኛ መካከል የእናታቸውን በሕይወት መኖር ሳያውቁ ፈተና የተቀመጡ፣ ለቅሶ ይቀመጡ ወይም ተስፋ ያድርጉ ግራ የገባቸው ተማሪዎች ነበሩ። ጨለማው የጠቀመው ገዳዩን ነው።

በ2020 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 (በእኛ አቆጣጠር 2012) ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። ቃሉ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን የባሕር ዳሩ አቤቱታ በቀረበ ጊዜ አዋጁ ወጥቶ ነበር፤ ሰውየውን አላዳናቸውም። በአንጻሩ የአዋጁ የወንጀል ትርጉም ሰፊ ስለሆነ ጋዜጠኛን ለመክሰስ ይመቻል ሲሉ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ገና ሲወጣ ተቃውመውታል።

የሚነሡ ክርክሮች

አንደኛ፣ «ኩባንያ ጽሑፍ ያንሣ ማለት ሳንሱርን መጥራት አይደለም ወይ?» የሚል ጓድ አለ። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ብዙዎቻችን ከአገር የወጣነው በጻፍነውና በተናገርነው ነው። ይሁንና የአንድን ሰው ስም፣ ፎቶና የሥራ ቦታ አውጥቶ ለሞት ማመልከት ሐሳብ መግለጽ አይደለም። የምንጠይቀው ደንቡ በቋንቋችን በግልጽ እንዲጻፍ፣ ጽሑፍ ሲነሣም ሆነ ሲቀር ምክንያቱ እንዲነገርና ይግባኝ እንዲኖር ነው። ዛሬ ያለው ምስጢራዊ ውሳኔ ከሁሉ የከፋው ሳንሱር ነው።

ሁለተኛ፣ «1.50 ዶላር ናይሮቢ ላይ ለሥራ ፈት ትንሽ አይደለም» ይባላል። ደመወዝን ከረሃብ ጋር ካስተያየነው ሁልጊዜም ብዙ ይመስላል። መተያየት ያለበት ሥራው ከሚያስገኘው ገንዘብና በሠራተኛው ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር ነው። የማዕድን ሠራተኛ የራስ ቁር ይሰጠዋል፤ አእምሮውን አደጋ ላይ ለሚጥል ሠራተኛ ሐኪም መንፈግ በምን ሕግ ይፈቀዳል?

ሦስተኛ፣ «አጣሪ ቢበዛ አገራችን ሰላም ትሆናለች ወይ?» አትሆንም። በ1994 በሩዋንዳ የጥላቻው መሣሪያ ሬዲዮ ነበር። ጦርነት የሚቆመው በፖለቲካ ነው። ነገር ግን እሳት ሲነሣ ነዳጅ የሚሸጠውን ነጋዴ አቁም ማለት እሳቱን ከማጥፋት አይለይም። ኩባንያውም በራሱ ፈቃድ ያቆማል ብለን አንጠብቅ፤ በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ የነበረውን የገለልተኛ እውነት አጣሪዎች አሠራር ማቆሙን ራሱ አስታውቋል። በገዛ አገሩ የቀነሰውን ለእኛ ይጨምራል ማለት ዘበት ነው።

ምን እናድርግ?

ኬንያ ያሉት ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፤ ጠበቆቻቸው የሚከራከሩት ከዓለም ሀብታሞች አንዱ ከሆነው ኩባንያ ጋር ነው። እኛ ደግሞ ኩባንያዎቹ በሚኖሩበት አገር እንኖራለን። ስለሆነም የሚከተለውን ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ) የጥላቻ ጽሑፍ አይተን ስናመለክት ቀኑን፣ ጽሑፉንና የመጣውን መልስ እንመዝግብ። የባሕር ዳሩ ክስ የቆመው ቀኑ በታወቀ አቤቱታ ላይ ነው። ያልተመዘገበ ግፍ ዳኛ ፊት አይቆምም።

ለ) የሕግ ተማሪዎች የኬንያን ውሳኔዎች ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ይመልሱ። የቋንቋ ተማሪዎችም የተሸፈነ ዛቻ በቋንቋዎቻችን እንዴት እንደሚነገር ያጥኑ።

ሐ) ማጆሬልን በ2023 የገዛው ቴሌፐርፎርማንስ ዋና ቢሮው ፓሪስ ነው። በፈረንሳይ በ2017 የወጣው ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች በውጭ አገር ቅርንጫፎቻቸውና በተቋራጮቻቸው ዘንድ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን እንዲከላከሉ ያስገድዳል። በፈረንሳይ ያላችሁ ጓዶች ከዚያው የሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሆናችሁ ሕጉ በተግባር እንዲውል ጠይቁ። በአሜሪካ ያለን ዩኒቨርሲቲዎቻችን ገንዘባቸውን በየትኛው ኩባንያ እንዳኖሩ እንጠይቅ።

መ) ከጥይቱ ርቀን የምንኖር ሰዎች በምንጽፈው ቃል የሚሞተው ሌላ ነው። የማንንም ሰው ስም ከሰፈሩና ከፎቶው ጋር አያይዞ የሚዞር ጽሑፍ፣ ከየትኛውም ወገን ይምጣ፣ ለሌላ እንዳናስተላልፍ በየቅርንጫፋችን ይወሰን።

በማርች 1974 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም ሲጠራ ተማሪው ከጎኑ ቆሞ ነበር። የዛሬው ሠራተኛ ፋብሪካው ስክሪን፣ ማሽኑ ዓይኑ፣ የሚያመርተውም የእኛ ደኅንነት ነው። ከጎኑ መቆም ዕዳችን ነው።

የናይሮቢ አጣሪ ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይከበር!
ለታመሙት ሕክምና፣ ለተገደሉት ፍትሕ ይሰጥ!
መስመሩ አይቆረጥ፤ ባለቤቱ ይጠየቅ!